«አላለቀሰም፣ ጠንካራ ነው» ይሉኛል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከከተማው ዳር ናቸው። ሁሉም ስለ ልጆችና ወጣቶች ነው።

«እህቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጇን እኔ ነኝ የማሳድገው፤ 15 ዓመቱ ነው። አንድም ቀን አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ‘ጠንካራ ነው’ ይለኛል። እውነት ነው?» (ከቱሉ ዲምቱ)

ነፍስ ይማር እህቴ። አለማልቀስ ብቻውን ጥንካሬ አይደለም። አክስቱን ላለማስከፋት እንባውን የሚውጥ ልጅ አለ። ይልቅ እንቅልፉን እይ። ይበላል? ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል? ይወደው የነበረውን ነገር ትቶታል? እነዚህ ተበላሽተው ሳምንታት ካለፉ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አሳዪው። መሞትን ካነሳ ግን በዚያው ቀን።

ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሃዋይዋ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትለዋል። ድህነትና የቤት ውስጥ ችግር ከተደራረበባቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ደህና ሆኖ አደገ። ከእነዚህ ልጆች ጀርባ ብዙ ጊዜ ጥሏቸው የማይሄድ አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። ለእሱ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ማታ ሽንኩርት ስትከትፊ አጠገብሽ ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። «እናትህ እኮ በርበሬ ታበዛ ነበር» በይው። ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ተሰማህ?» ሲሉት የሚዘጋ ልጅ፣ እጁ ሥራ ሲይዝ ይናገራል። ስሟን መጀመሪያ አንቺ አንሺው፤ እሱ አንቺን እየጠበቀ ይሆናል።

«መምህር ነኝ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪዬ ሁሌ ታረፍዳለች። እናቷ ታማሚ ናቸው፤ ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው የምትመጣው። ልቅጣት?» (ከየካ አባዶ)

እባክዎ አይቅጧት። በር ላይ የቆመች ቀን የጠዋቱ ምገባም ያመልጣታል። ልጅ ቤት ውስጥ የሚታመንበት ሥራ ቢኖረው ይጠነክራል፤ ወርነርም ይህንኑ አይተዋል። ሸክሙ እንቅልፍና ትምህርት ሲቀማት ግን ሌላ ነገር ነው። ለብቻዋ ጠርተው ይጠይቋት። ከዚያ እድሩን ያነጋግሩ፤ ውሃውን የሚቀዳላት አንድ ጎረቤት ቢገኝ ጠዋቷ ይለወጣል።

«ከ8ኛ ክፍል አቋርጬ ታክሲ ላይ ረዳት ነኝ። 20 ሞላኝ። አልረፈደብኝም?» (ከኮዬ ፈጬ)

አልረፈደብህም ወንድሜ። ከላይ ባነሳሁት ጥናት፣ በ18 ዓመታቸው ችግር ውስጥ የነበሩ ብዙዎች በ30ዎቹ ተስተካክለው ተገኝተዋል። ወደ ትምህርት መመለስ አንዱ መንገዳቸው ነበር። የማታ ትምህርት ምዝገባ ጠይቅ። ሹፌሩንም አማክረው፤ የማታውን ምልልስ ሌላ ረዳት ቢይዝልህ ክፍል ትደርሳለህ።