የቶርኖ ጥያቄዎቻችሁ፦ ቤዱን (የማሽኑን ሐዲድ) ከማስሞረድ በፊት

መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያስገባው የክሮስ ስላይዱ እጀታ ግማሽ ዙር ያህል ባዶውን ይዞራል ላሉን፦ የነሐሱ ዳዶ አልቋል፣ ያስለውጡት። እስከዚያው የእጀታውን ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ሥራው እየገቡ ይያዙ፤ ካለፈብዎት አንድ ሙሉ ዙር ተመልሰው እንደገና ይግቡ።

ሌላው አንባቢ በሁለት ሴንተር (ሥራውን ጫፍና ጫፉን በሚይዙ ሹል ድጋፎች) መካከል የሚያወጡት የ400 ሚሊ ሜትር አልቤሮ (ዘንግ) ዲያሜትሩ በስፒንድሉ (ሥራውን በሚያዞረው ክፍል) በኩል 40.04፣ በቴልስቶኩ (ሌላውን ጫፍ በሚደግፈው ክፍል) በኩል 40.00 ሚሊ ሜትር እየመጣባቸው ተቸግረዋል። «ማሽኑ አርጅቷል፣ ቤዱን ላስሞርደው?» ይላሉ።

ኧረ አይቸኩሉ! መጀመሪያ አልቤሮውን በየ50 ሚሊ ሜትሩ በማይክሮሜትር ለክተው ቁጥሮቹን ይጻፉ። ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እየቀነሰ ከሄደ ቴልስቶኩ ወደ እርስዎ ተጠግቷል ማለት ነው፤ የልዩነቱን ግማሽ፣ 0.02 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ኋላ ይግፉት። በስፒንድሉ አጠገብ ብቻ ወፍሮ ሌላው ቀጥ ካለ ግን ቤዱ ተበልቷል። ሥራው የሚበዛው ቻኩ (ሥራውን ነክሶ የሚያዞረው ማሰሪያ) አጠገብ ስለሆነ ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ በሐዲዱ ላይ የሚሄደው ክፍል) የሚመላለሰው እዚያው ነው፤ ከዘይት ጋር የተቀላቀለ የብረት ብናኝም ሐዲዱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የፊተኛው ሐዲድ ይበልጥ ሲያልቅ ካሬጁ ወደ ሠራተኛው ያዘነብላል፣ መቁረጫውም ከሥራው ይሸሻል። 0.02 ከሸሸ ዲያሜትሩ 0.04 ይወፍራል። ቀጥታ ወደ ታች መውረዱ ያን ያህል አይጎዳም፤ በ40 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ መቁረጫው 0.1 ቢወርድ ለውጡ ከ0.001 በታች ነው። ካሬጁን ቻኩ አጠገብ አጥብቀው በማሰር ሊያርሙት አይሞክሩ፤ ወደ ቴልስቶኩ ሲሄድ ይነክሳል።

ቤዱ ተጠማዞም ሊሆን ይችላልና በሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ውሃ ልክ በአግድም አስቀምጠው በሁለቱም ጫፍ ያንብቡ። ንባቡ ከተለያየ የእግሮቹን ብሎኖች ያስተካክሉ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

በእጅ ግራይንደር ቤድ መንካት ግን ፈጽሞ አይገባም። የሚታረመው በቤድ ግራይንደር ወይም በስክሬፐር በሚፍቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ቤዱ ሲቀነስ ካሬጁ አብሮ ይወርዳል፣ ካሬጁን ከሚነዳው ረጅም ብሎን፣ ከሊድ ስክሩም ጋር መስመር ይስታል፤ ስለዚህ ከካሬጁ ሥር መሙያ ይገባል። ይህን ሳይጠይቁት የማያነሳ ባለሙያ ከገጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ቀጭን ቀለበት ሲበሱ ክብ አልሆን ያላቸው ደግሞ የስፒንድል ኩሽኔታ ሊገዙ ነው። ይቆዩ! በባለ 3 ጥርስ ቻክ ጠብቆ የታሰረ ቀለበት ተጨምቆ ይበሳል፣ ሲፈታ ይመለስና ክብነቱ ይጠፋል። ለመጨረሻው ቁረጥ ማሰሪያውን ያላሉት። ባለሦስት ጎን ጉድለትን በማይክሮሜትር ብቻ ለክቶ ማግኘት እንደሚያስቸግርም ያስታውሱ። ኩሽኔታውን ከጠረጠሩ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ባለመርፌ መለኪያ) ስፒንድሉ ላይ አስደግፈው በእንጨት ወደ ላይ ይፈንቅሉት፤ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ገንዘብዎን አያውጡ።

ሞተሩ ይሸታል ላሉን፦ አጥፍተው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ።