ከበሮው ሲያርፍ መዘምራኑን ምን እናሠራቸው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጥምቀቱም የጥር ሠርጉም አለፈ፣ ጾም ሊገባ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ክረምት ይመጣል። ልጆቹ ይበተኑብኛል፣ ምን ላሠራቸው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍሉን 11 ዓመት ይዤ ነበር። ለታናናሾቼ ያስረከብኩት አምና ነው። ብዙ ስለተሳሳትኩ ብዙ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ የማታደርጊውን ልንገርሽ። አዲስ መዝሙር አታስጠኚ። እኔ ጊዜ ተገኘ ብዬ በአንድ ሁዳዴ 9 መዝሙር አስጠናሁ። ለፋሲካ የዘመርነው ሁለቱን ነው። ሰባቱ ደብተር ውስጥ ቀሩ። የድሮዎቹም እንደተበላሹ ቀጠሉ።

መበላሸታቸውን ያወቅሁት እንዴት መሰለሽ? አንድ ዓመት ከተራ ላይ ታቦቱን አጅበን እስከ ፋሲል መዋኛ ስንዘምር ዋልን። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ ሠርጉ ተከተለ፤ እሁድ እሁድ አንዳንዴ ሁለት ቤት። ድምፅ የሚባል ነገር አልተረፈንም። የዘወረደ፣ ማለትም የሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጥናት ስንጀምር በሁዳዴ ስለማይመታ ከበሮው ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል። አንድ የንስሐ መዝሙር በባዶ ድምፅ አስጀመርኩ። ጉድ ነው የሰማሁት! ወንዶቹ ይጎትታሉ፣ ሴቶቹ ይሮጣሉ። መሪዋ እንደመጣላት ከፍ አድርጋ ትጀምራለች። የመዝሙሩ ሦስተኛ ቤት ላይ ግማሹ ሰው ዝም ይላል፣ አይደርስበትማ። ይህ ሁሉ ያን ቀን የመጣ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አብሮን ነበር። ከበሮ ገመና ሸፋኝ ነው። ጭብጨባና እልልታ ሲጨመርበትማ ማን ይሰማል?

ስለዚህ ጾሙን ለጆሮ ስጪው። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ስምንት ሳምንት አለሽ። በሳምንት አንድ ቀን ብትገናኙ እንኳ ስምንት ጥናት ነው። የምታውቋቸውን ሦስት ወይም አራት መዝሙሮች ብቻ ያዢ። ዘምሩና በስልክ ቅጂ። ስልኩን ግን መሃላችሁ አታስቀምጪው። ምእመኑ የሚቆምበት ርቀት ላይ፣ በር አካባቢ ይሁን። ቅጂውን መጀመሪያ ቤትሽ ብቻሽን ስሚው። በሚቀጥለው ሳምንት አሰሚያቸው፣ ማንም ላይ ግን ጣት አትቀስሪ። እኔ አንዷን በስም ጠርቼ አርሜ ለሁለት ወር ቀረችብኝ። ዝም ብለሽ ብታሰሚያቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ «እኔ ነኝ ቀድሜ የምገባው» የሚል አይጠፋም።

ትልቁ ችግራችን መነሻው ድምፅ ነበር። መፍትሔውን ያገኘነው ዋሽንት ከሚነፋ አንድ ልጅ ነው። ክራርና መሰንቆ በየጊዜው ይቃኛሉ። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላ አይለወጥም። ለእያንዳንዱ መዝሙር ወንዱም ሴቱም ሳይጨነቅ የሚደርስበትን መነሻ ፈለግን። ከዚያ ደብተሩ ጠርዝ ላይ «ትንሿ ዋሽንት፣ ሁለት ጣት ተዘግቶ» ብለን ጻፍን። በዓል ቀን ከጥናት ቤት ከመውጣታችን በፊት ልጁ ለመሪዋ አንዴ ይነፋላታል፣ እሷም ያንን ይዛ ትወጣለች። የ30 መዝሙር መነሻ ለመጻፍ ሁለት ጾም ፈጅቶብናል። እኔ በ11 ዓመት ከሠራሁት ሁሉ በዚህ ነው የምኮራው።

ድምፃቸው የተዘጋ ልጆች ካሉሽ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጭራሽ አታዘምሪያቸው። ንባብ አስነብቢያቸው። ደብተሮቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጪ አንዱ ስንኝ በአምስት ዓይነት ተጽፎ ታገኛለሽ። የግእዙ ደግሞ ይብሳል። የግእዝ ቃል የሚነበብበትን ስልት አምታተን፣ ተነሹን በወዳቂ፣ ተጣዩን በሰያፍ እያነበብን ስንት ዓመት እንደዘመርን እግዜር ይወቀው። አንድ ካህን ለምናችሁ አንድ ቅዳሜ ያንብቡላችሁ፣ ይበቃል።

ወደ ክረምቱ ልምጣ። የግቢ (የዩኒቨርሲቲ) ተማሪዎች መሄዳቸው ስለማይቀር ከእነሱ ጋር አትታገዪ። ከሐምሌ 7 ሥላሴ በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ሦስት ሳምንት አለ፤ እኔ የወረብ ወቅት የምለው እሱን ነው፤ ወረብ በእርምጃና በከበሮ የሚዜመው የማኅሌት ዜማ ነው። ጎንደር እየኖርን በዚህ ነገር መስነፋችን ያሳፍራል። በኣታ አቋቋም የሚባለውን የማኅሌት ትምህርት ለማስመስከር ሰው ከየአገሩ የሚመጣበት ደብር ነው። እኛ በአጥሩ ሥር እያለፍን ወረብ ከዩቲዩብ እንማራለን! መሪጌታን፣ የዜማ መምህሩን፣ ማኅሌቱ በሚበዛበት በጽጌ ሰሞን ብትጠይቂያቸው ለአንቺ የሚሆን ጊዜ የላቸውም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሂጂ፣ ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። የእኛ መሪጌታ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ እንዴት እንደምንቆምና መቋሚያውን እንዴት እንደምንይዝ ብቻ ነው ያስተማሩን። አንድ ቃል አላዜምንም። እኔ በልቤ «መቼ ነው የሚጀመረው?» እያልኩ ነበር። መስከረም 26 ጽጌ ሲገባ ግን እግራችን ከዜማው ጋር ሲገጥም ገባኝ። በአንድ ክረምት አንድ ወረብ በቂ ነው። ሁለት ካልሽ ሁለቱም ግማሽ ይሆናሉ።

ሌላው፣ ሐምሌንና ነሐሴን ለምክትሎችሽ ልቀቂላቸው። ጥናቱን እነሱ ያስጠኑ፣ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ። ሲሳሳቱ ዝም ማለት ከባድ ነው፣ እኔ ከንፈሬን እነክስ ነበር። ግን የሚበላሽ በዓል በማይበዛበት ጊዜ ካልተሳሳቱ መቼ ይሳሳቱ? አንዳንድ እሁድ ደግሞ ቅሪ። አዘዞም ይሁን ሌላ ደብር ሄደሽ እንደ ማንኛውም ምእመን ቆመሽ የሌላ ሰንበት ትምህርት ቤት ስሚ። እኔ ልጆቼ ቃሉን እንደሚውጡት ያወቅሁት ሌሎቹ ሲውጡት ሰምቼ ነው።

ከበሮውን አትርሺ። በክረምት እርጥበት ቆዳው ይረግባል። አንድ ዓመት ሲሚንቶ ወለል ላይ ትቼው ጠፍሩን አይጥ በልቶት ጠበቀኝ። ለመስቀል ዋዜማ ከሌላ ደብር ከበሮ እየለመንኩ ስዞር ዋልኩ። ከፍ አድርገሽ ስቀዪው፣ የሚጠገን ካለ ጳጉሜን ሳትገባ አስጠግኚ።

በስንት ሰው እንደምትሠሪ አልነገርሽንም። ከ15 በታች ከሆናችሁ ወረቡን ለጊዜው ተይውና ከቅጂው ጀምሪ። የዋሽንቱ ነገር ካልገባሽም ጻፊልኝ፣ የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ እለጥፍልሻለሁ።