የጨቅላ ሕፃናትና የልጆች የሳንባ ደም ግፊት፦ ስለ መድኃኒቶቹ ደኅንነት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የምሠራ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የሳንባ ደም ግፊት የምንለው በክንድ የሚለካውን ግፊት ሳይሆን፣ ከልብ ወደ ሳንባ ደም በሚወስዱት ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ በልብ ክፍተት ምክንያት የመጣ የሳንባ ደም ግፊት አለባት ተብሎ ሲልደናፊል ታዘዘላት። የፋርማሲው ባለሙያ ግን «ይህ እኮ የወንዶች መድኃኒት ነው» አለኝ። ስሕተት ይሆን?

መልስ፦ ስሕተት አይደለም። ሲልደናፊል መጀመሪያ የተጠናው ለልብ የደረት ሕመም ነበር፤ በ1998 ቫያግራ ተብሎ ለወንዶች የተፈቀደው በጥናቱ መካከል ሌላ ውጤት በመታየቱ ነው። መድኃኒቱ የደም ሥርን ጡንቻ ያላላል፤ የሚገታው ኢንዛይም በሳንባ ደም ሥሮች ውስጥም ስለሚገኝ በ2005 ለአዋቂዎች የሳንባ ደም ግፊት ተፈቅዷል። እኔን የሚያሳስበኝ የመድኃኒቱ ስም ሳይሆን የክኒኑ መጠን ነው። ለሳንባ የሚዘጋጀው ክኒን 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለወንዶች የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ 50 ወይም 100 ሚሊ ግራም ነው። አንዲት እናት የክኒኑን ሩብ በሻይ ማንኪያ ጀርባ ጨፍልቃ በውኃ በጥብጣ ስትሰጥ አይቻለሁ፤ ልጁ ጠጥቶ ሲጨርስ ነጩ ዱቄት ከማንኪያው ሥር ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ያ ልጅ በዚያ ቀን ምን ያህል እንደ ወሰደ ማንም ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ፋርማሲው በፈሳሽ መልክ እንዲያዘጋጅልዎ ይጠይቁ፤ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው፣ በማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየለኩ ይስጧት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በ2012 ሲልደናፊል ለልጆች እንዳይታዘዝ አስጠንቅቆ ነበር፤ በ2023 ደግሞ ፈቀደው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም በዋናነት የተነሡት ከአንድ ጥናት ነው። ከ1 እስከ 17 ዓመት ያሉ ከ200 በላይ ልጆች በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ መጠን ተመድበው ለዓመታት ሲከታተሉ ቆዩ። መጠኑ ይቀነስ ተብሎ እስከ ተወሰነበት ጊዜ ድረስ በዝቅተኛው ምድብ ከነበሩት 55 ልጆች 5ቱ፣ በመካከለኛው ከነበሩት 74ቱ 10ሩ፣ በከፍተኛው ከነበሩት 100 ልጆች ደግሞ 22ቱ ሞቱ። መጠኑ ሲጨምር ሞቱም ጨመረ፤ በከፍተኛው ምድብ የነበሩ ትልልቅ ልጆች በቀን ሦስት ጊዜ 80 ሚሊ ግራም ድረስ ይወስዱ ነበር። የአሜሪካው ተቋም ይህን ይዞ በነሐሴ 2012 ለልጆች አይመከርም አለ፤ ይህም ሐኪሞችንና ወላጆችን ስላስደነገጠ፣ በመጋቢት 2014 «ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ ሲያመዝን ሊታዘዝ ይችላል» ሲል አብራራ። አውሮፓውያን ግን ቀደም ብለው በ2011 አነስተኛውን መጠን ብቻ ፈቅደው ነበር፤ ይኸውም ከ1 ዓመት በላይ ሆኖ ክብደቱ 20 ኪሎና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ 10 ሚሊ ግራም፣ ከ20 ኪሎ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የ2012ቱ ማስጠንቀቂያ ቁም ነገሩ ትክክል፣ አነጋገሩ ግን የከበደ ነበር፤ የታዘዘውን መድኃኒት በገዛ እጅ ማቋረጥም የራሱ አደጋ አለውና። ልጅዎ ክብደት በጨመረ ቁጥር መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ጥያቄ፦ በክልል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። የሳንባ ደም ሥሮችን የሚያላላው፣ በመተንፈስ የሚሰጠው ጋዝ (ናይትሪክ ኦክሳይድ) የለንም። ለጨቅላ ሲልደናፊል በአፍ መስጠት ያስፈራል ወይስ ያድናል?

መልስ፦ እንደ አሰጣጡ ሁለቱም ይሆናል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ባልነበረበት አንድ የኮሎምቢያ ሆስፒታል 13 ጨቅላዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2006 ታትሟል፤ ሲልደናፊል ካገኙት 7 ጨቅላዎች 6ቱ ሲተርፉ፣ ካላገኙት 6 የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በልኩ መታየት አለበት፤ ሆኖም በእኛ ዓይነት ቦታ ለሚሠራ ሰው ችላ የሚባል አይደለም። ዋናው ሥጋት መድኃኒቱ የሳንባውን ብቻ ሳይሆን የመላ ሰውነቱንም ግፊት ማውረዱ ነው፤ የሰውነቱ ግፊት ከሳንባው ግፊት በታች ሲወርድ ኦክስጅን ያልያዘ ደም ሳንባውን አልፎ ወደ ሰውነት ይሄዳል፣ ሕፃኑም ይበልጥ ይጠቁራል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ሙቀቱን፣ ስኳሩን፣ ኢንፌክሽኑንና የሰውነቱን ግፊት አስተካክሉ፤ የኦክስጅን መለኪያውን ቀኝ እጁ ላይ አድርጉና ከ90ዎቹ መጀመሪያ እስከ 97 በመቶ ባለው ውስጥ አቆዩት። 100 ማድረስ ግብ አይደለም፤ የበዛ ኦክስጅን ሳንባን ይጎዳል፣ ያለ ጊዜው የተወለደውን ደግሞ ዓይኑን ያሳውራል። ቀድሞ ሕፃኑን በማሽን በፍጥነት በማስተንፈስ የደሙን አሲድ መቀነስ የተለመደ ሕክምና ነበር፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስና ከመስማት ችግር ጋር ስለ ተያያዘ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ልጃችን በውጭ አገር ተወልዶ ናይትሪክ ኦክሳይድ እየተሰጠው ነው። ተሻለው ከተባለ በኋላ ጋዙን ለምን በአንድ ጊዜ አያቆሙለትም?

መልስ፦ ይህ ጋዝ በተለይ አደገኛ የሚሆነው በድንገት ሲቋረጥ ነው። ጋዙ ከውጭ ሲመጣ የሕፃኑ ሰውነት የራሱን ማምረት ስለሚቀንስ፣ ድንገት ሲቆም የሳንባ ግፊቱ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የተለመደው መነሻ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 20 እጅ ሲሆን፣ ወደ 5 ካወረዱ በኋላ እስከ 1 ድረስ ቀስ እያሉ ይቀንሱታል። ደሙን ደጋግመው የሚመረምሩትም ጋዙ ሲበዛ ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ስለሚለውጠው ነው።

ጥያቄ፦ ቦሰንታን የተባለውን ሌላ የሳንባ ደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ልጅ የቲቢ መድኃኒት ቢታዘዝለት ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከመጀመሩ በፊት ለልብ ሐኪሙ መነገር አለበት። በቲቢ ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን የቦሰንታንንም የሲልደናፊልንም መጠን በደም ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቦሰንታን በየወሩ የጉበት ምርመራ የሚያስፈልገው ስለሆነም ሁለቱ ተደርበው ጉበቱን ያከብዱበታል። በአንጻሩ በኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጠው ሪቶናቪር ሲልደናፊልን ከልክ በላይ ያከማቻል። ቦሰንታን ፅንስን የሚጎዳ መሆኑና የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንንም የሚያዳክም መሆኑ ለአቅመ ሔዋን ለምትደርስ ልጅ ቀደም ብሎ ሊነገራት ይገባል።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ብወስድ?

መልስ፦ አይውሰዱ፤ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ደሙ ሳንባውን ትቶ የሚያልፍበት መንገድ አለው፤ እነዚህ ማስታገሻዎች ያን መንገድ ያለ ጊዜው ሊዘጉት ይችላሉ፣ ከተዘጋም ደሙ በግፊት ወደ ሳንባው ይሄዳል። ሕመሙ ሲጸናብዎ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሐኪም በአነስተኛ መጠን ያዘዘልዎ አስፒሪን ካለ ግን ሳይጠይቁት አያቁሙ።

ጥያቄ፦ ለበዓል ገጠር ሄደን የልጃችን ሲልደናፊል አልቆብን ሁለት ቀን ሳይወስድ ቀረ። አሁን ያመለጠውን ደርበን እንስጠው?

መልስ፦ አትደርቡ፤ የተለመደውን መጠን ብቻ በሰዓቱ ስጡትና ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውሉ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ከከበደው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ተረኛው ሐኪም የመድኃኒቱን ስምና በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው ከላዩ ያነብባልና።