የቪትዝ ፓራውልት ስንጥቅ እና የሚንቋቋው ጌጥ

የቪትዝህ ፓራውልት (ባምፐር) ተሰንጥቆ በሱፐር ግሉ ብትለጥፈውም እንዳልያዘልህ፣ ከጎማው በላይ ያለው ጌጥም እንደሚንቋቋ ለጠየቅከኝ፦ ሱፐር ግሉው ደጋግሞ የለቀቀብህ የፓራውልቱ ፕላስቲክ ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ነው። ተራ ሙጫ አይይዘውም፤ በሙቀት አቅልጦ ማያያዝ ይሻላል።

1. ፈትተህ ጀርባውን በደንብ እጠብ። ስንጥቁ የሚያበቃበት ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ፤ አለዚያ መሄዱን አያቆምም።
2. ቀጭን የሽቦ ወንፊት ከጀርባ አስቀምጥና በመበየጃ ካውያ አቅልጠህ ቅበረው። ግን እስከ ግማሽ ውፍረቱ ብቻ፤ ከዚያ ካለፍክ ፊቱ ይበላሻል።

ከጎማው በላይ ያለው ጌጥ የሚንቋቋው ክሊፑ ተሰብሮ ይሆናል። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ስትሄድ አሮጌውን ክሊፕ ይዘህ ሂድ፤ በአፍ ካስረዳህ ሌላ ነው የሚሰጡህ።

ደግሞ ፓራውልቱ ላይ የላሜራ ስቱኮ (ለብረት አካል የሚሆን መሙያ) እንዳትለቀልቅበት። የእኔ ቀለም ተቀብቶ አምሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጠቀ። ለፕላስቲክ የሚሆን፣ የሚለመጥ ስቱኮ አለ።