ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 ነው ወይስ በ2009?

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ስለ አንድ ቀን ነው። ጥላሁን ያረፈው በፋሲካ ዕለት፣ እሑድ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 19 ቀን 2009። ለመታሰቢያ ጽሑፍህ የእኛን ተጠቀም፤ ፋሲካ መሆኑንም አትዝለል፣ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው በበዓሉ ነው።

ለሌሎቹ ድምፃውያን ደግሞ የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓውያን ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ጨምር።

ዕድሜ ስታሰላ ግን ሁለቱን አቆጣጠር አትቀላቅል። እኔ መስከረም 17 ቀን 1933 የሚለውን ልደቱን ይዤ ከ2009 ቀነስሁና «76 ዓመት» ብዬ በትልቅ ፊደል አሳተምሁ። ትክክሉ 68 ነው። ያረመኝም፣ ጽሑፉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ፣ የሰፈራችን ሻይ ሻጭ ነበር።