በታማሚ አልጋ አጠገብ መሳቅ በደል ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ስምንት ወር ሆናት። የማስታምማት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለታችን ብዙ እንስቃለን፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቷን ስሰጣት እንባችን እስኪፈስ ድረስ። በቅርቡ ልትጠይቃት የመጣች የማኅበራችን እኅት ከበር ላይ ሆና ሰማችንና ተቆጣች። «ጌታ አለቀሰ እንጂ ሳቀ የሚል የት ተጽፏል? በዚህ ሰዓት መሳቅ ፈሪሃ እግዚአብሔር ማጣት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሳቅሁ ቁጥር ራሴን እታዘባለሁ። ቀን ቀን ደኅና ነኝ፤ ሌሊት መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ ግን የሚመጣው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። ሳቃችን በደል ነው? በድፍረትና በፍቅር ለመኖር የሚያስችል ጥበብስ ከወዴት ይገኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የተቆጣችሽን እኅት በችኮላ አልነቅፋትም፤ ያለችውን ከራሷ አላመነጨችውም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ጌታ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ እንደምናየው፣ ሲስቅ ግን የትም እንደማናገኘው ተናግሯል። ብዙዎች ይህን ጠቅሰው መጽሐፉን ይከድኑታል። ይኸው አባት ግን ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት ሲያብራራ፣ በ15ኛው ድርሳኑ፣ ሳቅ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ያስተምራል፤ ክፉ የሚሆነው ከልክ ሲያልፍና ያለጊዜው ሲመጣ ነው። ለምን እንደተሰጠን ሲናገርም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘነውን ወዳጅ በደስታ እንድንቀበልበት፣ ያዘነና የፈራ ሰው ስናይም በፈገግታችን እንድናሳርፈው ነው ይላል። ያዘነና የፈራ ሰው! እናንተ ቤት ያለው እርሱ አይደለም እንዴ? እንዲያውም ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ሁለት ናቸው።

ጌታ ከታማሚ ቤት ያስወጣው ሳቅ መኖሩ እውነት ነው። ወደ ኢያኢሮስ ቤት ገብቶ «ብላቴናይቱ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም» ባለ ጊዜ የተሰበሰቡት ሳቁበት፤ እርሱም ሁሉን አስወጥቶ አባቷንና እናቷን፣ ሦስቱንም ደቀ መዛሙርት ብቻ ይዞ ገባ። የተባረረው በተስፋ ላይ ያፌዘ ሳቅ ነው። የእናንተ በማን ላይ ነው? በእናትሽ ድካም ላይ ከሆነ ተዪው። እርሷ ራሷ ጀምራው አንቺ የምትከተይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሣራን አስቢያት። መጀመሪያ የሳቀችው ከድንኳኑ ደጃፍ በስተኋላ ሆና፣ ብቻዋን፣ በልቧ ነው። ስትጠየቅም ፈራችና «አልሳቅሁም» ብላ ካደች። እግዚአብሔር «ሳቅሽ እንጂ» አላት፤ የተስፋውን ልጅ ግን አልከለከላትም። ልጁ ሲወለድ ስሙ ይስሐቅ ተባለ፤ ሳቅ ማለት ነው። የግእዙ «ሠሐቀ» እና የእኛው «ሳቀ» የዚህ ስም ዘመዶች ናቸው። ያን ጊዜ ሣራ እግዚአብሔር ሳቅ እንዳደረገላት፣ የሰማ ሁሉም ከእርሷ ጋር እንደሚስቅ ተናገረች። እኔ ቀልድን የምመዝነው በዚህ ነው፤ የተነገረበት ሰው ቢሰማው አብሮ ይስቃል ወይ? ሐዋርያው በኤፌሶን 5፥4 የከለከለው ዋዛ ይህን ሚዛን አያልፍም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ የጥያቄሽ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል። «ድፍረት» በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንደበት ብዙ ጊዜ በክፉ ይነሣል፤ «በድፍረት የሠራነው ኃጢአት» እንላለን። የሰማዕታቱን ጽናት ጥብዓት እንለዋለን። አንቺ የምትፈልጊው ጥብዓትን ነው፤ ይህ ደግሞ በባሕርይ ደፋር ለሆኑት ብቻ የተሰጠ አይደለም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ክፈቺ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገድሏል። ጴጥሮስንም ይዞ፣ አራት አራት እየሆኑ በፈረቃ ለሚጠብቁት 16 ወታደሮች አስረክቦታል። ሊያወጣው ባሰበበት ዋዜማ፣ በዚያች ሌሊት፣ ጴጥሮስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቷል። እንቅልፉም የዋዛ አይደለም፤ ክፍሉ በብርሃን ተሞልቶ እያለ መልአኩ ጎኑን መትቶ ነው ያስነሣው።

ይህ ሰው በሊቀ ካህናቱ ግቢ አንዲት ገረድ ብትጠይቀው የካደው ጴጥሮስ ነው። በመካከል ምን ሆነ? ዮሐንስ 21 ላይ ጌታ በባሕር ዳር ሲያገኘው «ዳግመኛ ትፈራለህን?» ብሎ አልመረመረውም። ሦስት ጊዜ የጠየቀው «ትወደኛለህን?» ብሎ ነው። ስለዚህ ድፍረትን ለብቻው ፍለጋ አትውጪ፤ ብታገኚውም አይበረክትም። ሌሊት ስታቃስት ሰምተሽ ስትነሺ «ልድፈር ወይስ ልፍራ» ብለሽ አትማከሪም፤ ትነሻለሽ። ዮሐንስ በመልእክቱ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ያለውን እግሮችሽ ከአንቺ ቀድመው አውቀውታል።

የምዕራፉ አስቂኝ ክፍል ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ሉቃስም ሳይሸሽግ ጽፎታል። የብረቱ መዝጊያ በራሱ ተከፈተ፣ ጴጥሮስ ምእመናን ስለ እርሱ ወደሚጸልዩበት ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ሄዶ አንኳኳ። ሮዴ የተባለች ገረድ ድምፁን አወቀች፤ ከደስታዋ የተነሣ ግን በሩን ሳትከፍት እርሱን ውጭ ትታው ለመንገር ሮጠች። እንዲፈታ ሲጸልዩ ያመሹት ደግሞ «አብደሻል» አሏት። እርሷ ስትጸና «መልአኩ ይሆናል» ተባለ። ጴጥሮስ ማንኳኳቱን ቀጥሏል።

ይህን ለሕፃናት ሳስተምር አንዱ እጁን አውጥቶ «መልአኩ ለምን ይህንንም በር አልከፈተላቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ቢጠይቀኝ፣ ሰው ሊከፍተው የሚችለው በር ለሰው ተተወ እለዋለሁ። ያን የብረት መዝጊያ ከእነርሱ ማንም አይከፍተውም ነበር፤ ይህን ግን ሮዴ ትችላለች። ለእናትሽ ትራስ ማስተካከል፣ ውኃ ማቅረብ፣ ማሳቅም የአንቺ በር ነው። የሕይወቷና የሞቷ በር የአንቺ አይደለም፤ ሌሊት የምትታገይው ምናልባት ከዚያኛው ጋር ይሆናል። የጸለዩትን ሲያገኙ ያላመኑትንም ሰዎች እግዚአብሔር ሰምቷቸዋልና ጸሎትሽ ፍርሃት የተቀላቀለበት ነው ብለሽ አትተዪው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መምህራን እምብዛም አንናገረውም። የሌሊት ፍርሃት ሁሉ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ አንዳንዱ የእንቅልፍ ጉድለት ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ በ450ዎቹ የበኣል ነቢያት ላይ እንዳልቀለደ ሁሉ፣ ወዲያው ኤልዛቤልን ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሞትን ለመነ። መልአኩ ሁለት ጊዜ ዳሰሰው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያለው «ተነሥተህ ብላ» ነው። ስብከት አልሰበከውም። ስለዚህ ያችን የማኅበር እኅት በሳምንት አንድ ሌሊት ከእናትሽ ጋር እንድታድር ለምኛት። በቅንነት የተቆጣች ከሆነች እሺ ትላለች፤ ካደረችም እናትሽ እንደምታስቃት አልጠራጠርም።

ጥበብን በተመለከተ ያዕቆብ በመልእክቱ 1፥5 ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን፣ ሳይነቅፍ ይሰጠዋል ይላል። «ሳይነቅፍ» የምትለውን ቃል ያዢ። ለዓመቱ የሚሆን አትለምኚ፤ መብራቱን ከማጥፋትሽ በፊት ለነገው ጠዋት የሚበቃሽን ለምኚ። የከበደሽንም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሳቁን እንደ ኃጢአት ሳይሆን ፍርሃቱን እንደ ሸክም አድርገሽ።

ነገ ማታ ምዕራፍ 12ን ለእናትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፤ ሮዴ ጋ ስትደርሺ ቀስ በዪ። ሰላምታዬንም አድርሺልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ መድኃኒቱን ስትሰጫት ምን እንደሚያስቃችሁ ግን አልጻፍሽልኝም።