ሃምሳ ምጣድ ከማሠራትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንደኔ ዓይነቱ ቦታም መብራትም ይፈጃል። ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲሜትር የሆነ ትንሽ ምጣድ አሠርቼ ልሸጥ አስቤያለሁ። የጠየቅኋቸው ሁሉ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉኝ። ወርክሾፕ ያለው ዘመዴ 50 ካዘዝሽ ዋጋ እቀንስልሻለሁ ይላል። ያጠራቀምኩትን ላውጣ? (ከጎፋ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ገንዘቡን ገና አታውጪ።

እኔ ምጣድ ስሠራ ነው ያረጀሁት። አንድ ጊዜ፣ እንጀራው ዐይን ሲያወጣ እንዲታይ ብዬ 30 ባለመስታወት አክንባሎ አሠራሁ። ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። የሞከርኩት ግን በባዶ ምጣድ ነበር። ገዢዎቹ ሊጥ አፍስሰው ሲከድኑት መስታወቱን እንፋሎት ሸፈነው፤ ጠብታው እየወረደ እንጀራውን አረጠበው። መጀመሪያ አንዱን ለባለቤቴ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት አውቀው ነበር።

«ጥሩ ነው» ያሉሽ በይሉኝታም ሊሆን ይችላል። እንዳንቺው ብቻዋን የምትኖረውን ሴት ትገዣለሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂያት፤ ባለፈው ሳምንት የበላሽው እንጀራ ከየት መጣ በያት። ከሱቅ ከሆነ፣ የምትፎካከሪው ከሱቁ እንጀራ ጋር ነው። እሷን ያታከታት ማቡካቱ፣ አብሲት መጣሉ፣ ቡሃቃውን ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ማቆየቱ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ምጣድ አይገላግላትም።

መብራቱንም በወረቀት አስይው። የ58 ሳንቲሜትር ምጣድ ስፋቱ 2,640 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ያንቺው 1,260 ገደማ። ያንኑ ሊጥ ለመጨረስ እጥፍ ጊዜ ታሰፊያለሽ ማለት ነው። የምታተርፊው በዋናነት ምጣዱ እስኪግል በሚበላው መብራት ላይ ነው። አራት አምስት እንጀራ ለሚጋግር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቤተሰብ ግን ያን ያህል አይታይም። ስለዚህ ገዢሽ ያቺው ብቻዋን የምትኖረው ናት፤ እሷ ካልጋገረች ሌላ የለሽም።

ለመፈተን የተሟላ ዕቃ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣውን ፓይለት የተባለ የኪስ ኮምፒውተር የፈጠረው ጄፍ ሃውኪንስ፣ አስቀድሞ በልኩ የተቆረጠ እንጨት በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ቀጠሮ ሲኖረው አውጥቶ እንደሚጽፍበት ይሆን ነበር። ምጣድ ግን ካልጋለ አይፈተንም፤ ሦስት ብቻ አሠሪና ዘመድ ላልሆኑ ሦስት ሰዎች አውሺ። በሁለተኛው ሳምንት ሄደሽ እዪ፦ ማሰሻው ጎመን ዘር ነክቶታል ወይስ ምጣዱ አቧራ ለብሷል? ከዚያ ልወስደው ነው በያቸው። አንዷ እንኳ «ተይልኝ፣ ቀብድ ልስጥሽ» ካላለች ዘመድሽን አመስግነሽ ሃምሳውን ተይው።